የኖርዌይ ስፕሩስ፦ የተጠማው የገና ዛፍ
የኦስሎ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በየዓመቱ ለለንደኑ ትራፋልጋር አደባባይ የምታበረክተው የገና ዛፍ የኖርዌይ ስፕሩስ ነው። ቀጥ ያለው ግንዱ ለጣውላ፣ ለወረቀትና ለቫዮሊን መሥሪያ ይፈለጋል። ስለዚህም ከተፈጥሯዊ መኖሪያው፣ ከቀዝቃዛ ተራሮችና ከሰሜናዊ አገሮች አልፎ፣ በመካከለኛው አውሮፓ ዝቅተኛ ሥፍራዎች ጭምር ለብቻው በብዛት ተተከለ።

ጉዳቱ የታየው ዘግይቶ ነው። ሥሩ እምብዛም ወደ ጥልቅ ስለማይወርድ የላይኛው አፈር ሲደርቅ ይጠማል። ጤነኛ ስፕሩስ ቅርፊቱን ሰርስረው የሚገቡ ጥንዚዛዎችን በሙጫው ይከላከላል፤ የተጠማው ግን በቂ ሙጫ ማመንጨት ይሳነዋል። እ.ኤ.አ. ከ2018ቱ ድርቅ በኋላ በጀርመንና በቼክ ሪፐብሊክ ሰፋፊ የስፕሩስ ደኖች የጠፉት በዚሁ ምክንያት ነው። የደን ባለሙያዎችም ዛፉን ከሌሎች ዝርያዎች ጋር አሰባጥሮ መትከልን ይመክራሉ።