«ሽጉጥ» ስንል የትኛውን ነው? የቆዩ የፖሊስ ሽጉጦችና ስያሜዎቻቸው

«ሽጉጥ» «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ስም ነው። በወገብ ወይም በብብት ተሸጉጦ የሚያዝ መሣሪያ ማለት ስለሆነ፣ ስሙ አያያዙን እንጂ አሠራሩን አይነግረንም። በዕለት ንግግር ይህ አያስቸግርም። ይሁን እንጂ የቆዩ የፖሊስ ሽጉጦችን ለሚያወዳድር ሰብሳቢና በሙዚየም መዝገብ ለሚያሰፍር ባለሙያ ጉድለቱ ጐልቶ ይታያል።

ለምሳሌ በአሜሪካ ፖሊሶች እጅ ለረጅም ዘመን ተፎካካሪ ሆነው የኖሩ ሁለት ሽጉጦችን እንውሰድ። አንደኛው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1899 ያወጣው «ሚሊተሪ ኤንድ ፖሊስ» ሲሆን፣ በ1957 «ሞዴል 10» ተብሏል። ሁለተኛው የኮልት ፋብሪካ በ1927 «ኦፊሻል ፖሊስ» ብሎ የሰየመውና እስከ 1969 የሠራው ነው። ሁለቱም ስድስት ስድስት ጥይት ይጎርሳሉ። ልዩነታቸው የሚገለጠው ጥይት በሚይዘው ክብ ክፍል ላይ ነው። ከተኳሹ በኩል ሲታይ የኮልቱ ወደ ቀኝ፣ የስሚዝ ኤንድ ዌሰኑ ወደ ግራ ይዞራል። ክፍሉን ወደ ጎን ለማውጣትም የኮልቱ መክፈቻ ወደ ኋላ ይሳባል፤ የሌላው ወደ ፊት ይገፋል።

እንግዲህ ይህን ክፍል ምን እንበለው? «ካዝና» ማለት ስሕተት ነው። ካዝና በእጀታው ውስጥ ገብቶ ጥይት የሚያቀብለው የሌላው ዐይነት ሽጉጥ ክፍል ነውና። ስሕተቱም የቃል ብቻ አይደለም። ባለካዝናው ሽጉጥ ካዝናው ቢወጣም አንድ ጥይት በአፈሙዙ መግቢያ ሊቀርበት ይችላል። የዚህኛው ባዶነት የሚረጋገጠው ግን ክብ ክፍሉ ወደ ጎን ወጥቶ ስድስቱም ቀዳዳዎች ሲታዩ ነው። ስለዚህ በመዝገብ ላይ የሰፈረ «ካዝናው ወጥቷል» የሚል ቃል የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

«ኮልት» የሚለውም አይበቃም፤ ፋብሪካው ባለካዝና ሽጉጥም የሚሠራ በመሆኑ ስሙ ዐይነትን አይለይም። «ከበሮ» ቢባል ከአንዳንድ መትረየሶች ክብ ካዝና ጋር ይደባለቃል። «ተሽከርካሪ ሽጉጥ» እንዳይባል ደግሞ፣ ተሽከርካሪ የመኪና ስም ሆኗል፤ የሚዞረውም መላው መሣሪያ ሳይሆን አንድ ክፍሉ ነው።

በበኩላችን የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው፤ ክብ ክፍሉ «ሽክርክሪት»፣ እያንዳንዱ የጥይት ቀዳዳ «ጎሬ»፣ መሣሪያው «ባለሽክርክሪት ሽጉጥ» ይባል። «አጎረሰ» የሚለው ግስ ሕዝቡ የሚሠራበት ስለሆነ እንዳለ ይቆይ። ያን ጊዜ በመዝገብ ላይ «ሽጉጥ፣ አንድ» በማለት ፈንታ፣ «ባለሽክርክሪት ሽጉጥ፣ ኮልት፣ ባለ 6 ጎሬ፣ ሽክርክሪቱ ወደ ቀኝ የሚዞር» ተብሎ ይጻፋል። አንባቢው መሣሪያውን ሳያይ ለይቶ ያውቀዋል፤ የሚረከበውም ሰው ባዶነቱን የት እንደሚመረምር ይረዳል። ከእነዚህ የተሻለ ቃል በአካባቢው የሰማ አንባቢ ቢያካፍለን ጥቅሙ ለሁላችንም ነው።