ድንጋይ ለድንጋይ አገጣጥመው አቆሙት

በኢጣሊያ ሰሜን ምሥራቅ፣ ፍሪዩሊ በሚባለው አገር፣ ቬንዞኔ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዙሪያዋ በድንጋይ ግንብ የታጠረ ነው። በአጠገቧ ታሊያሜንቶ የሚባለው ወንዝ ይወርዳል። የዚህ ሳምንት ወሬያችን ስለ ከተማዋ አጥቢያ፣ ስለ ቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ቤተ ክርስቲያኑን በ1338 የመረቁት ፓትርያርክ በርትራንድ ናቸው። (እዚህ የምንጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ ነው። በበሮቹ ላይ ምስል ተቀርጿል። ውስጡ ደግሞ ሥዕል ነበረው። የምረቃው በዓል ራሱ ተሥሎበታል።

ሥዕሉ በጨርቅ ላይ አይደለም፤ በግድግዳው ላይ ነው። ሠዓሊው ልስኑ ሳይደርቅ ቀለሙን ይቀባል። ልስኑ ሲደርቅ ቀለሙም አብሮ ይደርቃል። ስለዚህ ግድግዳው ከወደቀ ሥዕሉም ወደቀ ማለት ነው።

ወደቀም። ግንቦት 6 ቀን 1976፣ በምሽት፣ ምድር ተንቀጠቀጠች። በፍሪዩሊ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ። ቤተ ክርስቲያኑ ተጎዳ እንጂ ያን ዕለት ጨርሶ አልጠፋም። ሰዉ፣ «እንጠግነዋለን» ሲል መስከረም ላይ ምድር እንደገና ተናወጠች። አሁን የቀረው ክምር ድንጋይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፍርስራሹን ጠርጎ አዲስ መሥራት ይቀላል። የከተማው ሰው ግን እንቢ አለ። በ1977 ፊርማ አሰባስቦ፣ «እንደ ነበረ፣ በነበረበት ቦታ ይሠራልን» ብሎ ጠየቀ። ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም እኮ!

ድንጋዮቹ ተለቀሙ። በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ሜዳ ላይ ተዘረጉ። እያንዳንዱ ታየ፣ ተለካ፣ ተመዘገበ። ከድሮ ፎቶግራፍ ጋር ተመሳከረ። ይህኛው የመስኮት ጠርዝ ነው፤ ያኛው የማዕዘን ነው፤ የዚህ ስብራት ከዚያ ስብራት ይገጥማል እየተባለ ቦታው ተፈለገለት። አድካሚ ሥራ ነው። ግንባታው በ1988 ተጀምሮ በ1995 አለቀ።

ሥዕሉ ግን እንደ ድንጋዩ አልሆነም። የደቀቀ ልስን መልሶ አይገጥምም። ዛሬ ወደ ውስጥ የገባ ሰው እዚህ አንድ ፊት፣ እዚያ የልብስ ዘርፍ ያያል፤ የቀረው ባዶ ግድግዳ ነው። በባዶው ላይ አዲስ ሥዕል አልሣሉበትም። እኛም ደግ አደረጉ እንላለን።