ስለ ካፋ የጫካ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን አቋምና እድገት

ከጅማ ወደ ደቡብ ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የካፋ ዞን መቀመጫ ከሆነችው ከቦንጋ ይደርሳል። በዙሪያዋ ባለው ደን ቡና ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ በዴቻ ወረዳ ያለችው ማንኪራም የቡና መገኛ ተብላ ስትነገር ኖራለች። የጊምቦ፥ የዴቻ፥ የገዋታና የጨና ባላገር ይህን ቡና ከአባቶቹ በተቀበለው ልማድ ሲለቅም ቢኖርም፥ ስሙ በዓለም የተጠራው ቡና ለለቃሚው ብዙ ጥቅም ሳያመጣለት ቈይቷል።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። አንድ ገበሬ በዓመት የሚለቅመው ጥቂት ፈረሱላ ነው። ለግብር፥ ለልጆቹ ልብስ ወይም ለሕክምና ገንዘብ ሲቸግረው ቡናው ገና ሳይቀላ ከሰብሳቢ ነጋዴ ጋራ ይዋዋላል፤ ሰብሳቢው ለአቅራቢ፥ አቅራቢውም ለላኪ ሲያስተላልፍ እያንዳንዱ የድካሙን ዋጋ ከላዩ ያነሣል። ነጋዴውን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ ብቻውን የቆመ ሻጭ በማናቸውም አገር ዋጋ ተቀባይ እንጂ ዋጋ ተናጋሪ አይሆንም።

የካፋ የጫካ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በፈረንጆች አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. በቦንጋ የተቋቋመው ስለዚህ ነው። ከታች ያለው አባል ገበሬው ሲሆን፥ መመዝገቢያና የአክሲዮን ገንዘብ ከፍሎ በቀበሌው ወዳለው መሠረታዊ ማኅበር ይገባል። መሠረታዊው ማኅበር ቡናውን ተቀብሎ ይመዝናል፥ ያደርቃል። ማኅበራቱ በአንድነት የዩኒየኑ ባለቤቶች ናቸው፤ ዩኒየኑም ቡናውን አስፈልፍሎና አበጥሮ ከውጭ አገር ገዢ ጋራ ይዋዋላል፥ ከባንክም ብድር ይጠይቃል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 147 ዐዋጅ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ብቻ ሰጠ፤ ማንም ሰው ከተከፈለው አክሲዮን ከመቶ 10 በላይ እንዳይዝም ከለከለ። በ2009 ዓ.ም. በእርሱ ፈንታ የታወጀው ቁጥር 985 ዐዋጅም የአንድ አባል አንድ ድምፅን ሥርዐት አጸና። ስለዚህ ጥቂት አክሲዮን ያለው ሰው በጉባኤ ከባለጸጋው እኩል እጁን ያነሣል።

ማኅበር የሚለው ቃል ግን በባላገሩ ዘንድ ጥርጥር ያላጣው ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን፥ በፈረንጆች 1966 ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ዐዋጅ ቢወጣም፥ መሬቱ የባለ ርስቱ ስለ ነበረ ጭሰኛው ያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ ማኅበሩ በትእዛዝ ቆመ፤ ዋጋውም ከላይ ተቈርጦ ወረደ። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት አባላቱ እንዲለቁ በፈቀደ ጊዜ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በጥቂት ወራት ፈረሱ። ሹም ያቆመው ማኅበር ሹሙ ዞር ሲል እንደማይቆም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

እንግዲህ የዩኒየን እድገት በማኅበራት ቁጥር ብቻ አይመዘንም። ዋናው ነገር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡናው በሚቀላበት ወራት በማኅበሩ ሣጥን ገንዘብ መገኘቱ ነው። እሸት ቡና ተከምሮ ካደረ ይበላሻል፤ የገበሬውም ችግር ቀጠሮ አይሰጥም። ማኅበሩ “ቈይ” ያለው አባል በዚያው ቀን ለነጋዴ ይሸጣል፤ ይህን ማድረጉ ማኅበሩን ጠልቶ ሳይሆን ገንዘቡን በዕለቱ ስለሚፈልገው ነው። ቡናው ሲጐድል ዩኒየኑ ለውጭው ገዢ የገባውን ውል መፈጸም ያቅተዋል፤ ውል ያልፈጸመም በሚመጣው ዓመት ገዢ አያገኝም። የማኅበሩ ብርታት ነጋዴው በማይሰጠው በሁለተኛው ክፍያ ነው፤ ይኸውም ቡናው በውጭ ከተሸጠ በኋላ፥ ለመጠባበቂያ የሚቀመጠው ተነሥቶ፥ ገበሬው ባስረከበው መጠን የሚመለስለት ትርፍ ነው። ይህም ቢሆን ከዘገየ እንደ ቀረ ይቈጠራል።

ከገበሬውም የሚጠበቅ አለ። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና የሚገኘው ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ከሚሆን እሸት ነው፤ አረንጓዴውን ከቀዩ ጋራ የሸመጠጠና በመሬት ላይ ያሰጣ የጎረቤቱንም ዋጋ ያወርዳል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ብዙው ቡና በዚያ እንዲሸጥ ሲታዘዝ፥ የገበሬ ዩኒየኖች ግን በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልኩ ተፈቀደላቸው። ስለዚህ የካፋ ቡና ከሌላው ሳይደባለቅ በስሙ ሊሸጥ ቻለ።

ደኑ ከሌለ የጫካ ቡና የለም። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ካፋን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አግብቷል። በፈረንጆች 2023 ዓ.ም. የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ከ2020 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደን ከተመነጠረበት ስፍራ የመጣ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይደነግጋል፤ የቡናው መገኛ በካርታ እንዲታወቅም ይጠይቃል። ይህን አንድ ገበሬ ለብቻው ሊያሟላ አይችልም፤ የአባላቱ መዝገብ በእጁ ያለ ዩኒየን ግን ይችላል።

የወረዳ ሹማምንት ሥራ የማኅበሩን መሪ መምረጥ ወይም ዋጋ መቍረጥ ሳይሆን፥ ሚዛኑ የተስተካከለ መሆኑን ማስመርመርና የሒሳብ መርማሪ በጊዜው መላክ ነው። የሒሳብ ምርመራ በክረምቱ ካላለቀ ባንኩ ብድሩን ያዘገያል፤ በጥቅምትም ቡናው ቀልቶ ገበሬው ከማኅበሩ ደጅ ሲደርስ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል።