ሞክሼው ፋይል

ጠጋ በሉማ፣ ይህ ከቢሮ ውጭ አይወራም። ጀማሪው ፕሮግራመር «ትናንት ይሠራ ነበር እኮ!» እያለ ላፕቶፑን ተሸክሞ ሲመጣ፣ ነባሮቹ ኮዱን አያነቡለትም። ዓይናቸው ኤዲተሩ ዳር ወደተደረደሩት የፋይል ስሞች ነው የሚሄደው። እዚያ «ራንደም ዶት ፒዋይ» የሚል ካዩ ምርመራው አለቀ። ልጁ ጠቢባን ያገኘ ይመስለዋል፤ እነሱም አያስተባብሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓይተን ሞጁል ሲፈልግ፣ እንደ ሲስ ያሉ በሆዱ የያዛቸውን ጥቂቶች ትተን፣ አስቀድሞ የሚያየው ራን የሚደረገው ፋይል ያለበትን ፎልደር ነው። አብረውት የመጡት ሞጁሎች ተራ የሚደርሳቸው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ዕጣ ማውጣት የሚለማመደው ልጅ ፋይሉን ራንደም ብሎት «ኢምፖርት ራንደም» ሲል፣ ሞክሼው የገዛ ፋይሉ ከች ይላል። ያው ፋይል እንደ ሞጁል ሁለተኛ ይነበብና ኤረሩ ይመጣል፦ ሞጁሉ ገና በከፊል ነው የተዘጋጀው፣ ራንድኢንት የሚባል ነገር የለውም። ከዚህ መልእክት ማን ምን ይረዳል? በ2024 የወጣው ፓይተን 3.13 ነው በመጨረሻ ራርቶ «የፋይሉን ስም ብትቀይረውስ?» ማለት የጀመረው። በፓይተን 2 ዘመንማ ስሙን ቀይረውም አይገላገሉም ነበር፤ የተጠናቀረው ፒዋይሲ ፋይል እዚያው ቀርቶ ማሳሳቱን ይቀጥላል።

ቫሪያብልስ? እሱ ይብሳል። ታይም የሚባለውን ሞጁል ኢምፖርት አድርጎ፣ የለካውን ሰዓት ራሱ ታይም በሚባል ቫሪያብል የሚያስቀምጥ አለ። ሉፕ ውስጥ ከሆነ የመጀመሪያው ዙር በሰላም ያልፋል። በሁለተኛው ግን ታይም ሞጁል መሆኑ ቀርቶ ተራ ቁጥር ሆኗል። ፈንክሽን ውስጥ ከሆነ ደግሞ ገና ከመነሻው ይወድቃል፤ ፓይተን እዚያ ውስጥ ዋጋ የተሰጠውን ስም ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የፈንክሽኑ የግል ንብረት አድርጎ ነው የሚቆጥረው።

በጀማሪ ብቻ አትሳቁ ታዲያ። ዴትታይም በሚባለው ሞጁል ውስጥ ዴትታይም የሚባል ክላስ ያስቀመጡት የቋንቋው ባለቤቶች ናቸው። ከሁለት ቦታ የተቀዱ ሁለት ኢምፖርቶች አንድ ፋይል ላይ ሲገናኙ፣ ኋላ የመጣው የፊተኛውን ስም ይወርሳል።

ነባሮቹ ጮክ ብለው የማይናገሩት ዘዴ ደግሞ አንድ መስመር ነው፦ የሞጁሉን ስም ጽፎ፣ ነጥብ አድርጎ፣ ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት የግርጌ ሰረዝ ያለውን «ፋይል» ፕሪንት ማድረግ። አድራሻው የራሳችሁን ፎልደር ካሳየ፣ ሌላውን ኮድ ማንበብ አያስፈልግም።