ለጉንዳን ብለን ልጆቻችንን እንዳንመርዝ

ዛሬ "ዶክተር፣ ይሄ ደግሞ ከሕክምና ጋር ምን አገናኘው?" የሚያስብል ርዕስ ይዤ መጥቻለሁ። ስለ ጉንዳን ነው። ያቺ የስኳር ዕቃ ስንከፍት የምናገኛት ትንሿ ጉንዳን።

በቅርቡ ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት አንዲት እናት የ3 ዓመት ልጇን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። ልጁ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ላብ አጥምቆታል፣ ያስመልሰዋል፣ የዓይኑ ብሌን ጠቦ የመርፌ ጫፍ አክሏል። "ምን ነካ?" ስንላት "ኧረ ምንም!" አለች። ቆይታ ነው ትዝ ያላት፤ ለጉንዳን ብላ ማላታይን ገዝታ ነበር፣ የተረፈውን በውሃ ፕላስቲክ አድርጋ ከመደርደሪያው ሥር አስቀምጣዋለች። አትሮፒን ደጋግመን ሰጠነው፣ ኦክስጅን ላይ አደረ፣ በሦስተኛው ቀን በእግሩ ወጣ። ሁሌ ግን እንዲህ አያልቅም።

ማላታይን የእርሻና የጎተራ መድኃኒት ነው። ተባዩን የሚገድለው ነርቩን አዛብቶ ነው፣ የእኛንም ነርቭ የሚያዛባው በዚያው መንገድ ነው። ልጅ ደግሞ ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ ጥቂቱም ይበዛበታል።

የሚገርመው፣ መርጨቱ ብዙም አይጠቅምም። የምናያቸው ለምግብ የወጡት ሠራተኞች ብቻ ናቸው። እንቁላል የምትጥለው ንግሥት ግድግዳ ወይም ወለል ውስጥ ተደብቃ በምትካቸው ሌላ ትፈለፍላለች።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ሰልፉን ተከተሉት፤ ከየት እንደሚወጡ እዩ። ጉንዳን በሄደችበት ሽታ ጥላ ትሄዳለች፣ ሌሎቹም ያንን ሽታ ተከትለው ይመጣሉ። ስለዚህ ጉንዳኖቹን መጥረግ ብቻ ሳይሆን መንገዳቸውን በሳሙና ውሃ ወይም በአቼቶ እሹት። የሚወጡበትን ስንጥቅ በጄሶ ወይም በሲሚንቶ ድፈኑት። ስኳርና ማር ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ ይቀመጥ። ቡና ከተጠጣ በኋላ ረከቦቱን ሳታጥቡ አትደሩ፤ ሲኒው ሥር የቀረችው ስኳር ለእነሱ ድግስ ናት። እናቶቻችን የስኳሩን ዕቃ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ያስቀምጡት ነበር፣ ዛሬም ይሠራል። ውሃውን ግን ቶሎ ቶሎ ቀይሩት፣ በተለይ እንደ ድሬዳዋ የደንጊ ትኩሳት በሚታይበት አካባቢ። የምታስተላልፈው ትንኝ እንዲህ ባለ የቤት ውስጥ ውሃ ላይ ትራባለችና።

ይሄ ሁሉ ካልበቃ፣ ቦሪክ አሲድ ካገኛችሁ፣ ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ቦሪክ አሲድና 10 የሾርባ ማንኪያ ስኳር በጥብጡ። ጥጥ ነክራችሁ መንገዳቸው ላይ አስቀምጡ። አታወፍሩት! ከወፈረ ሠራተኞቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ፤ እኛ የምንፈልገው ተሸክመው ለንግሥቲቱ እንዲያደርሱልን ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ ታገሱ። ይሄም ቢሆን መርዝ ነው። ጥጡን ክዳኑ ትንንሽ ቀዳዳ ባለው ዕቃ ውስጥ አድርጉት፤ የሚድህ ልጅ ካለ ጭራሽ ይቅርባችሁ።

ልጅ መርዝ ነክቶ ወይም ጠጥቶ ከሆነ ወተት አትስጡት፣ ጣት ከተው አታስመልሱት። ወተት መርዝ አያረክስም፤ ማስመለሱ ደግሞ መርዙን ወደ ሳንባው ሊያስገባው ይችላል። ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ (እናንተም ጓንት ወይም ፌስታል እጃችሁ ላይ አድርጉ)፣ ከዚያ ዕቃውን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ዕቃውን ማምጣታችሁ ለእኛ ግማሽ ምርመራ ነው።

ሳልረሳው፣ "ሽንቴ ላይ ጉንዳን ተሰበሰበ፣ ስኳር አለብኝ ማለት ነው?" የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ነገሩ ተረት አይደለም፤ የጥንት የሕንድ ሐኪሞችም በሽታውን የሚለዩት በዚሁ ነበር። ግን ስኳር ወደ ሽንት የሚፈሰው ብዙውን ጊዜ በደም ውስጥ ከ180 ሲያልፍ ነው፤ ሳይበላ ሲለካ ደግሞ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሲደገምም ያው ከሆነ፣ የስኳር በሽታ እንላለን። ስለዚህ ጉንዳን መጣም ቀረ፣ ውሃ ጥም ከበዛባችሁ፣ ሌሊት ለሽንት ከተመላለሳችሁ ወይም ሳታስቡት ከከሳችሁ ጠዋት ምንም ሳትበሉ ሄዳችሁ ተለኩ።