ያውቁ ኖሯል? ለመረዳት የሚከብድ ሁሉ አንድ አይደለም

እንግሊዝኛ ለመረዳት ለሚከብድ ሐሳብ በርካታ ቃላት አሉት። ሁሉንም «ረቂቅ» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ይሁን እንጂ ጸሐፊው ክብደቱ ከየት እንደመጣ የሚነግረን በመረጠው ቃል ነው።

«አብስትሩስ» ርዕሰ ጉዳዩ ራሱ ጥልቅ ሲሆን ይባላል፤ የኳንተም ፊዚክስ ስሌት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ምንጩ «ገፍቶ መደበቅ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ግስ ነው። «ኦብስኪዩር» ግን ከላቲኑ «ጨለማ» የመጣ ሲሆን፣ ጥፋቱ የአገላለጹ ሊሆን ይችላል። አንድን ጽሑፍ አብስትሩስ ማለት ስለ ጉዳዩ መናገር ነው፤ ኦብስኪዩር ማለት ግን ብዙ ጊዜ ጸሐፊውን መውቀስ ነው። ተማሪዎች ከሁሉ በፊት ሊለዩት የሚገባው ይህን ይመስለኛል።

ከሁሉም የሚማርከው «ኢሶቴሪክ» ነው። ከግሪክኛ «ውስጠኛ» ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ የጥንት ፈላስፎች ለቅርብ ደቀ መዛሙርት ብቻ የሚሰጡትን ትምህርት ያመለክት ነበር። ሐሳቡ ቀላል ቢሆን እንኳ በሩ ለሁሉም አይከፈትም። «አርኬን» ደግሞ ምስጢርነትን ያጎላል፤ ዛሬ ጥቂቶች ብቻ ለሚያውቋቸው አሮጌ ደንቦችም ያገለግላል።

ፒተር ማርክ ሮዤ በ1852 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ያሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ ተቀራራቢ ቃላትን በሐሳብ ይሰበስባል እንጂ ልዩነታቸውን አያብራራም። ልዩነቱን የሚፈልግ አንባቢ በ1942 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዌብስተር የተመሳሳይ ቃላት መዝገበ ቃላት ቢያይ ይጠቀማል።