ያውቁ ኖሯል? ቤዙን የሚወስነው ሳጥኑ ነው

ትልቅ የሳብዉፈር ስፒከር ሳጥን ውስጥ ሳይገባ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ቢጫወት ቤዝ እንደማይወጣው ያውቁ ኖሯል? ስፒከሩ ምንም አልሆነም። የሚንቀሳቀሰው የስፒከሩ ኮን ከፊቱ ያለውን አየር ሲገፋ ከኋላው ያለውን ይስባል፤ የፊቱና የኋላው ሞገድ በጠርዙ ዞረው ይገናኙና ይጠፋፋሉ። የሳጥኑ የመጀመሪያ ሥራ ሁለቱን መለያየት ነው።

የ20 ሄርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻ 17 ሜትር ያህል እንደሚረዝምስ? የ40 ሄርዙ 8 ሜትር ተኩል ይደርሳል። ከብዙዎቻችን ሳሎን ይረዝማል።

የሳብዉፈር ሳጥን ቁመት፣ ወርድና ጥልቀት የግድ የተለየ ምጣኔ ሊጠብቁ ይገባል የሚባለው መሠረት እንደሌለው ያውቁ ኖሯል? ረጅሙ ጎኑ በውስጥ በኩል 50 ሴንቲሜትር በሆነ ሳጥን ውስጥ ድምፅ በግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ ማስተጋባት የሚጀምረው 340 ሄርዝ አካባቢ ነው። ሳብዉፈሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 ሄርዝ በላይ ያለውን ለሌሎቹ ስፒከሮች ይለቃል። ስለዚህ ከሶፋው ጀርባ የሚገባ ረጅምና ቀጭን ሳጥን ይሥሩ፤ አልጋ አጠገብ የሚቆም አራት ማዕዘንም ይሁን። ዋናው በውስጡ ስንት ሊትር አየር መያዙ ነው። ሊትሩን ሲያሰሉ ግን ስፒከሩ ራሱ፣ የአየር መውጫ ቱቦ ካለው ቱቦውና የውስጥ ድጋፍ እንጨቶቹ የሚይዙትን ቦታ ይቀንሱ።

እንጨት ሳይቆረጥ በፊት የሳጥኑን ድምፅ አስልቶ ማወቅ እንደሚቻል፣ ይህም የመጣው ከአውስትራሊያ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? መሐንዲሱ ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተመው ጥናት ለአሥር ዓመት ያህል ብዙም ሰው ሳያየው ቆየ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ሪቻርድ ስሞል አስፋፋውና ዛሬ በሁለቱ ስም የሚጠሩት መለኪያዎች የዓለም መግባቢያ ሆኑ። ለሳጥን ሠሪ ሦስቱ ይበቃሉ። ኤፍኤስ ስፒከሩ ሳጥን ሳይገባ በራሱ የሚርገበገብበት ሄርዝ ነው። ቪኤኤስ ኮኑን የያዘው ላስቲክ ከስንት ሊትር አየር ጋር እኩል እንደሚለጠጥ ይናገራል። ኪውቲኤስ ደግሞ ኮኑ ከተገፋ በኋላ ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ ያሳያል። በልምድ፣ ኪውቲኤሱ እስከ 0.4 የሆነ ስፒከር ቱቦ ላለው ሳጥን ይስማማል፤ ከዚያ እስከ 0.7 ያለው ደግሞ ለዝግ ሳጥን። ዊንአይኤስዲ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ነው፤ ቁጥሮቹን ሲሰጡት ሳጥኑ የሚሰጠውን ቤዝ በሥዕል ያወጣልዎታል። እነዚህ ቁጥሮች የሌሉትን ስፒከር፣ ካርቶኑ ላይ የፈለገውን ያህል ዋት ቢጻፍበት፣ አይግዙት።

ስለ ዋት ከተነሳ ዘንዳ፦ ዋቱን በእጥፍ ማሳደግ ድምፁን በ3 ዴሲቤል ብቻ እንደሚጨምር ያውቁ ኖሯል? ጆሯችን «እጥፍ ጮኸ» የሚለው 10 ዴሲቤል ያህል ሲጨመር ነው፤ ለዚያ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ከ300 ወደ 600 ዋት ለመሄድ የሚወጣው ብር ለሳጥኑ እንጨትና ለሁለተኛ ስፒከር ቢውል እጅግ ይሻላል።

ቤዙ በአንድ ኦክታቭ በወረደ ቁጥር፣ ማለትም ከ40 ወደ 20 ሄርዝ ሲሄድ፣ ዝግ ሳጥን ውስጥ ያለ ኮን ያንኑ ያህል ለመጮህ አራት እጥፍ መመላለስ አለበት።

ጥሩ ቤዝ የግድ ግዙፍ ሳጥን ይፈልጋል የሚለውን እምነት የሰበረው ኤድጋር ቪልቸር የተባለ አሜሪካዊ መሆኑንስ? በ1954 ከቀድሞ ተማሪው ከሄንሪ ክሎስ ጋር በማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ከተማ ኤአር-1ን ለገበያ አወጡ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ኮኑን በጠንካራ ላስቲክ ከመያዝ ይልቅ ላስቲኩን ማላላትና በታሸገው ሳጥን ውስጥ ያለው አየር እንደ ሞላ ሆኖ ኮኑን እንዲመልሰው ማድረግ። ዝግ ሳጥን ለጀማሪ የሚመከረው ዛሬም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ትንሽ የስሌት ስህተት ይሸከማል፣ ከበሮው ሲመታም ቶሎ ይቆማል።

ክሎስ ኋላ ካቋቋመው ኩባንያ መሥራቾች አንዱ ጆሴፍ ሆፍማን ደግሞ እስከ ዛሬ ማንም ሊያመልጠው ያልቻለውን ሕግ አስቀምጧል፤ ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝና በትንሽ ዋት ብዙ ድምፅ፣ ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ ያገኛሉ።

ቱቦ ያለው ሳጥን የሚሠራው የጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ሲሉ በሚሰማው ድምፅ ሕግ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? በቱቦው ውስጥ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው እንደ ሞላ ሆነው በአንድ የተወሰነ ሄርዝ ይወዛወዛሉ። በዚያች ሄርዝ ኮኑ ቀጥ ሊል ምንም አይቀረውም፤ ቤዙን የሚሰጠው ቱቦው ነው። የቤል ላብራቶሪው አልበርት ቱራስ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1932 ነበር።

እዚህ ላይ በሴንቲሜትር መነጋገር ይሻላል። 60 ሊትር የሚይዝ ሳጥን በ28 ሄርዝ እንዲያስተጋባ ከፈለጉ፣ የውስጥ ስፋቱ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ቱቦ ወደ 43 ሴንቲሜትር መርዘም አለበት። የፍሳሽ ማስወገጃው 110 ሚሊሜትር ፒቪሲ ለዚህ ይቀርባል። ነገር ግን ድምፁ ከፍ ሲል አየሩ በጠባቡ ቱቦ ውስጥ እየተጣደፈ «ፉፉፉ» ይላል፤ በሴኮንድ ከ17 ሜትር በላይ እንዳይፈጥን ይመከራል። እንግዲያው ቱቦውን ወደ 15 ሴንቲሜትር እናስፋው? ያኔ ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሳጥኑ ውስጥ ለማስገባት መታጠፍ ግድ ነው። በእጅ የሚሠራ ሳጥን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ቱቦው በግምት ተቆርጦ። ረዘም አድርገው ይጀምሩና እየለኩ ያሳጥሩት።

ከተስተካከለበት ሄርዝ በታች ግን ቱቦ ያለው ሳጥን ኮኑን የሚይዝበት አየር ያጣል። በፊልም ውስጥ 15 ሄርዝ የሚደርስ ፍንዳታ ሲመጣ ኮኑ ከልክ በላይ ተወርውሮ ሊቀደድ ይችላል። አምፕሊፋየሩ ከዚያ በታች ያለውን የሚቆርጥ ማጣሪያ ካለው ያብሩት፤ ከሌለው ዝግ ሳጥን ይምረጡ።

በ5.1 የፊልም ድምፅ ውስጥ ያለችው «.1» እስከ 120 ሄርዝ ብቻ የምትዘልቅ የቤዝ መስመር በመሆኗ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ከሌሎቹ መስመሮች በ10 ዴሲቤል ከፍ ብላ እንድትሰማ ተደርጋ ነው የተሰናዳችው። ሙዚቃ ይህን ያህል አይጠይቅም። የባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ ነው፤ የፒያኖ የመጨረሻው ግራ ቁልፍ 27.5። ለሙዚቃ ብቻ የሚሠራ ሰው እስከ 35 ሄርዝ ከደረሰ ይበቃዋል፣ ሳጥኑም ያንሳል። ለፊልም ከሆነ እስከ 20 መውረዱ ዋጋ አለው። ይህን ሳይወስኑ አናጺ ዘንድ አይሂዱ።

በ1974 የወጣው «ኧርዝኩዌክ» ፊልም ሲታይ ሲኒማ ቤቶች የመሬት መንቀጥቀጡን ለተመልካች ለማሰማት ግዙፍ የቤዝ ስፒከሮችን አስገብተው ነበር። ሥርዓቱ ሴንሰራውንድ ይባል ነበር፤ የሳይንስና ቴክኒክ የኦስካር ሽልማትም አግኝቷል።

የጣውላውን ውፍረት በእጥፍ ሲያሳድጉ ጥንካሬው ስምንት እጥፍ እንደሚሆን ያውቁ ኖሯል? 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ወይም ጥሩ ኮምፖርሳቶ ይበቃል፤ ነገር ግን ተቃራኒ ግድግዳዎቹን የሚያያይዝ እንጨት በመሃል ይግባ። መጋጠሚያዎቹን በደንብ ኮላ ይቀቡ። ዝግ ሳጥን ከሆነ ኮኑን በቀስታ ገፋ አድርገው ይዩት፤ ቀስ ብሎ ከተመለሰ አየር አያፈስም። ኤምዲኤፍ ሲቆረጥ የሚነሳው ብናኝ ለሳንባ ክፉ ነው፤ ማስክ ይልበሱ።

ዝግ ሳጥን ውስጥ የትራስ ፋይበር ሲገባ ሳጥኑ ለስፒከሩ የሰፋ ያህል ይሆናል። ቦታ ለጠበበው ሰው ርካሽ መፍትሔ ነው።

ለመኪና ተብሎ የተሠራ የሳብዉፈር ሳጥን ሳሎን ውስጥ ቤዙ የሚቀጥነው ለምን ይመስልዎታል? የመኪና ውስጥ ጠባብ ስለሆነ ዝቅተኛውን ቤዝ ራሱ ያጎለብተዋል፤ ሠሪውም ያንን ቆጥሮ ነው የሠራው። ስፒከሩን ግን አይጣሉት፤ ቁጥሮቹን ወስደው ለቤት የሚሆን ሌላ ሳጥን ያስሉለት።

የሳብዉፈር ቦታ መሬት ላይ በመንበርከክ እንደሚገኝ ያውቁ ኖሯል? 4.3 ሜትር የሚረዝም ክፍል 40 ሄርዝ ላይ ያስተጋባል፤ ግድግዳዎቹ ጋ ቤዙ ሲገነፍል መሃሉ ላይ ይጠፋል። ሳብዉፈሩን እርስዎ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ያድርጉትና የቤዝ ጊታሩ ብዙ የሚንቀሳቀስበትን ዘፈን ይክፈቱ። ከዚያ ጆሮዎን ዝቅ አድርገው በግድግዳው ዳር ዳር ይዙሩ። ሁሉም የቤዝ ድምፅ እኩል የሚሰማበትን ቦታ ሲያገኙ ሳብዉፈሩን እዚያ ያስቀምጡት፤ ድምፅ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ሲሄድም ሲመለስም አንድ ስለሆነ፣ እርስዎም ወንበርዎ ላይ ሆነው ያንኑ ይሰማሉ።